ከባዱ ፍላጻ

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ እማማ፤

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ተሻለዎ? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለፈው በስልክ የተቆጡኝ ከልቤ አልወጣም። «ልጄ ሥራውን ትቶ ቀስት ይዞ ጫካ ለጫካ ይዞራል አሉ፤ አንቺስ ዝም ብለሽ ታያለሽ?» አሉኝ። ድምፁን ከሰማሁ ቆየሁ ብለውም አዘኑብኝ። መልስ ያልሰጠሁዎ አፌ ስለታሰረ ነው። ዛሬ ልጻፍልዎ።

ባሌን ሕሩይን ቀስት ያስጀመረው ኤልቃና ነው። አብረው የሕንፃ ማቀዝቀዣ የሚጠግኑ የሥራ ጓደኛው ነው። ጴንጤ ነው፤ ግን ለሕሩይ ከወንድም አያንስም። ኤልክ የሚባል አውሬ አለ፤ አጋዘን ይመስላል፣ ቁመናው ግን የእርሻ በሬ ያክላል። የሚገኘው ከእኛ ሩቅ፣ ኮሎራዶ በሚባል ተራራማ አገር ነው። ሁለቱ እሱን ማደን ይመኙ ነበር።

ሕሩይ ኬኔሶ በሚባል ከተማ ካለ አንድ ሱቅ ቀስት ገዝቶ መጣ። የዚህ አገር ቀስት ገመዱን ለመሳብ የሚጠይቀው ጉልበት በፓውንድ ይለካል፤ በብሎን ይጠብቃል፣ ይላላል። የእሱ ሰባ ላይ ነበር። ባለሱቁ ሽማግሌ «ወንበር ላይ ተቀመጥና ቀስቱን ወደ ሰማይ ሳታነሳ ቀስ ብለህ ሳበው። ካቃተህ ከብዶሃል ማለት ነው፤ ተራራ ላይ በብርድ ደንዝዘህማ ጭራሽ አትስበውም» ብሎት ነበር። ሕሩይ እንደተባለው ተቀምጦ ሳበው። ሊልበርን ያለው ቤታችን ጓሮ ቆሜ አየሁት፤ ክንዱ ንቅንቅ አላለም። እንዴት እንደኮራ ቢያዩት!

ብርዱ ሲገባ ክንዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወደ ስልሳ አላላው። «ስልሳም ይበቃል፤ ዋናው ፍላጻው ነው» አለኝ። ቀላል ፍላጻ ፈጥኖ ይሄዳል፣ አጥንት ሲያገኝ ግን ይቆማል፤ ከባዱ ዝግ ቢልም ዘልቆ ያልፋል እያለ ያስረዳኝ ነበር። እኔም አመንኩት። ወደ ሃምሳ አወረደው። ከዚያ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቃተው። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ጓሮ ውስጥ ቀስቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጦ አገኘሁት። «እምቢ አለኝ» አለ።

ሳንዲ ስፕሪንግስ ያለ ሐኪም የነርቭ ሕመም ነው አለን። ክንድ ይይዛል፣ ከዚያ እግር፣ ከዚያ ምላስ፣ በመጨረሻ ትንፋሽ። መድኃኒት የለውም። መኪና ውስጥ እንደገባን፣ ገና ሞተሩን ሳላስነሳ፣ «ለእማዬ እንዳትነግሪ» ብሎ አስማለኝ። ድምፁን ያላሰማዎ ምላሱ ስለተሳሰረ ነው እንጂ፣ አንድም ቀን ረስቶዎ አያውቅም።

ሙቀቱ ሲመለስ ቀስቱን ለእኔ ክንድ ልክ በባለሱቁ አስለውጦ፣ አርባ አምስት ላይ አድርጎ ሰጠኝ። «አንቺ ትስቢዋለሽ» አለኝ። ተጣላን። «ባሌ እንዲህ ሆኖ እኔ አውሬ ላሳድድ?» ብዬ ጮህኩበት። «እዚህ ተቀምጠሽ እኔን ከምትጠብቂ ይሻላል» አለኝ። ስለዚህ ተማርኩ። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ያሙኝ ጀመር፤ ብዙነሽ የምትባለውማ ፊት ለፊት «ምነው፣ የባልሽን ሕመም በጨዋታ ያዝሽው?» አለችኝ። እቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ከዚያ ደግሞ ጓሮ ወጥቼ ሳብኩ።

ፍላጻውን የመረጠልኝ እሱ ነው። ቀስትሽ ደካማ ስለሆነ ፍላጻሽ ከባድ ይሁን፣ ጫፉም ሁለት ስለት ብቻ ይኑረው፣ ስለት ሲበዛ ጉልበት ይበላል አለኝ። «ቅርብ ካልመጣ አትልቀቂ። መሰቃየት የለበትም።» እኔም፣ ሳንደርስበት ከሞተ በክት ነው፣ በስመ አብ ብለን ካላረድነው እንዴት እንበላዋለን ብዬ ጠየቅኩት። «ኤልቃና ይበላዋል። እኔ ለሥጋው አይደለም የምሄደው» አለኝ።

መስከረም ላይ ኤልቃና እየነዳ፣ ሕሩይ ከኋላ ትራስ ተደግፎ ሄድን። ተራራው ላይ ኤልቃና ከዛፍ ጀርባ ሆኖ የሴቷን ድምፅ በፉጨት መሣሪያ አሰማ። ወንዱ እያፏጨ መጣ። ሕሩይ በሚታጠፍ ወንበር አጠገቤ ተቀምጧል። ሳብኩ። ቅርንጫፍ ከለለብኝ፤ ክንዴ እስኪቃጠል ይዤ ጠበቅኩ። አንድ እርምጃ ሲራመድ ለቀቅኩት። ፍላጻው ከትከሻው ኋላ ገብቶ በወዲያኛው ጎን ወጣ። ትንሽ ሮጦ ተንገዳገደና ወደቀ።

ቆየት ብሎ ኤልቃና ሕሩይን አዝሎ ወደ ወደቀበት ወሰደው። ስንደርስ አውሬው ሞቷል። የሕሩይን እጅ አንስቼ የአውሬው አንገት ላይ አሳረፍኩለት፤ ገና ይሞቃል። ሕሩይ አለቀሰ፣ እማማ። ለአውሬው ያዘነ መስሎኝ ነበር። በዚያ በተሳሰረ ምላሱ «አየሽው? ምን እንደነካው እንኳ ሳያውቅ» አለኝ። ቆይቶ «ቀናሁበት» አለኝ። ኤልቃና ይህን ሲሰማ ፊቱን አዙሮ ከእኛ ራቀ። እኔ ግን የት ልሂድ? አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ሥጋውን ኤልቃና ለቤተሰቡ ወሰደ። እኛ አልቀመስንም።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አልጽፍም። ታናሽ ልጅዎ ጥላዬ ይህን ደብዳቤ የሚያነብልዎ፣ ከነፍስ አባትዎና ከጎረቤቶች ጋር በማለዳ መጥቶ ካነጋገረዎ በኋላ ነው። ያንን ቃል ከእነሱ አፍ ይስሙት፤ የእኔ እጅ እምቢ ብሏል። ለምን ደበቅሽኝ ብለው ቢቆጡኝ እችለዋለሁ፤ ብቻ አይራቁኝ።

እኔ እሑድ እደርሳለሁ። ሳሎኑን ያስለቅቁልን፤ ሕሩይንም ይዤው ነው የምመጣው።

እናቱን አምላክ ያበርታልኝ፤ ለእርስዎ የሚሰጠውን ብርታት ለእኔም ያካፍለኝ።

እጅዎን የምስም፣
የልጅዎ ሚስት፣ ምራትዎ