ቡፌ ውስጥ የተቆለፈው ዋይፋይ

ውድ ሰብሌ፣

አከራያችን እትዬ ተሻለች ድፎ ዳቦውን እንደታቀፉ ኮሪደሩ ላይ ቆመው «በሉ፣ ለሠራው ሰው እንቁረስለት። ማነው?» ሲሉ፣ እኔ የግድግዳ አቧራ ከፀጉሬ እያራገፍኩ ነበር። አፌን ሳልከፍት ቀደምሽኝ። «ኢዮስያስ ነዋ!» አልሽ። የእህታቸው ልጅ ኢዮስያስ፣ ያ 18 ማዞሪያ ሞባይል የሚጠግነው፣ እኔን አየ፤ አንቺን አየ፤ ከዚያ ዳቦውን ተቀበለ። ሌሎቹ ሴቶች ዋይፋዩ ስለመጣላቸው ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ነበር። ለማን እንደተቆረሰ ያየ ያለ አይመስለኝም።

ይሄን አንቺም ታውቂዋለሽ። የምጽፍልሽ እኔ የማላውቀው ነገር ስላለ ነው። ሁለት ወር አሰብኩበት፤ እስካሁን አልገባኝም።

እዚህ ዓለም ባንክ ሰፈር የመጣን ሰሞን አሥራ አራት ተማሪዎች አሳይንመንት ለመላክ ደረጃው ላይ እንደ ታክሲ ጠባቂ እንሰለፍ ነበር። ኔትወርክ የሚይዘው እዚያ ብቻ ነበር። «የመመረቂያ ፕሮጀክቴ ይሁን፣ ቤቱን ሙሉ ዋይፋይ አደርገዋለሁ» ብዬ የነገርኩት የመጀመሪያ ሰው አንቺ ነሽ። እትዬን አስፈቅደሽ፣ ሦስቱን የዋይፋይ ሳጥኖች አስገዝተሽ መጣሽ። እኔ ሳጥኑን ይዤ ኮሪደር ላይ፣ አንቺ ስልክሽን ይዘሽ ከክፍል ክፍል።

«ክፍል ስድስት፣ በሕይወት አለ! ክፍል ሰባት... ሞቷል፣ ነፍስ ይማር!»

እኔ ቦታ እቀይራለሁ፤ አንቺ ክፍል ሰባትን ከሞት አስነስተሽ በእልልታ ትመለሻለሽ። ዋይፋዩ የት የት እንደሚደርስ ባወጣነው ካርታ ላይ መስመሩ የእኔ ነው፤ ቁጥሩ የአንቺ የእጅ ጽሑፍ ነው። ኬብሉን በውጭው ግድግዳ ወደ ላይኛው ፎቅ የሳብኩት እኔ ነኝ። ኢዮስያስ መሰላል አምጥቶ ከታች ያዘልኝ። «ከወደቅሽ እኔ የለሁበትም» እያለ ይስቅ ነበር። ለምን ሁልጊዜ እሁድ ጠዋት፣ እትዬ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እንደምንሠራ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩሽም።

ዳቦው የተቆረሰ ቀን ደረጃው ላይ ያዝኩሽ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ርሆቦትዬ፣ ሴት ልጅ መሰላል አትወጣም አሉ እኮ። የሰው አደራ ናት፣ ብትወድቅ ለእናቷ ምን እላለሁ አሉ። ኢዮስያስ ይሠራዋል ብዬ ነው ያስፈቀድኩት። ለአንቺ ብዬ ነው!»

«እሺ፣ አሁን እኮ ተሠርቶ አልቋል!»

«አሁንማ ዋሽቼ ነበር ልበላቸው?»

በሳምንቱ ለተግባር ልምምድ ቦንጋ ሄድሽ። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘሁሽ፤ ሻንጣሽን ተሸከምኩ፤ አቅፌሽ አለቀስኩ። የተናደድኩት ይሁን የናፈቅሽኝ እዚያው ቆሜ መለየት አቃተኝ። ባታስፈቅጂልኝ ኖሮ ሥራው የለም። ስላስፈቀድሽልኝ ደግሞ ሥራው የእኔ አይደለም። ላመስግንሽ ወይስ ልጣላሽ?

ባለፈው ሳምንት የላይኛው ፎቅ በሙሉ ዋይፋይ ጠፋበት። ወርጄ ባይ፣ ኮሪደሩ ላይ የሰቀልኩት ዋናው ሳጥን የለም። የት ያገኘሁት ይመስልሻል? ሳሎን፣ ቡፌ ውስጥ። ከሰርግ ብርጭቆዎቻቸው አጠገብ፣ ነጭ ዳንቴል ለብሶ፣ መስታወቱ ተቆልፎበት። እትዬ «ይሄን የመሰለ ዕቃ አቧራ ላይ!» ብለው ኢዮስያስን ጠርተው ነው ያዛወሩት። እሱም ኬብሎቹን ወደ ሳሎን ሲስብ ወደ ላይ የሚሄደውን ከውጭው ግድግዳ መጋጠሚያው ላይ ነቅሎት ሄዷል።

«እትዬ፣ ቁልፉን ይስጡኝ፤ ልመልሰው» አልኳቸው።

«ተይ ልጄ፣ የኢዮስያስን ሥራ እንዳታበላሺበት።»

ያኔ ነገርኳቸው። ሁሉንም። ኢዮስያስም ተጠርቶ መጣና ራሱን እያከከ «እኔ ሠራሁ አላልኩም እኮ፤ ዳቦ ነው የበላሁት» አለ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጡ። እትዬ ግን «አየሽ፣ ሲያመሰግኑት አይወድም፤ ከልጅነቱም ትሑት ነው» አሉኝ።

እንግዲህ ትምህርት ክፍሉ ሥራውን የሠራሁት እኔ መሆኔን የቤቱ ባለቤት ፈርመው እንዲያረጋግጡ ይፈልጋል። እስከ ዓርብ ካላስገባሁ ፕሮጀክቱ አይያዝልኝም፤ አልመረቅም። ወረቀቱን ሳቀርብላቸው መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አነበቡት። «በሐሰት አልፈርምም የኔ ልጅ። ሰብሌ በአፏ ነግራኛለች። ሰብሌ ደግሞ አትዋሽም» አሉኝ።

ምን ልበላቸው? ውሸታም ነች ልበል? አሥራ ሁለቱን ሴቶች ምስክር መጥራት እችላለሁ። አልፈልግም። የተናገርሽው አንቺ ነሽ፤ የምትመልሽውም አንቺ ነሽ። ስልካቸውን ታውቂዋለሽ። ለምን እንዳልሽው ለእኔ ባታስረጂኝም ግድ የለም፤ ምናልባት አንቺም አታውቂው ይሆናል። ለእሳቸው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ንገሪልኝ።

ደወልሽም አልደወልሽም የማደርገውን ልንገርሽ። ሐሙስ ጠዋት፣ እትዬ በረንዳቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ መሰላሉን ፊት ለፊታቸው አቁሜ እወጣለሁ። ካርታሽን በአንድ እጄ ይዤ ኬብሉን መልሼ አገናኛለሁ። ይጩሁ፤ ለእናቴም ይደውሉ። ለእኔ ሲባል እኔ የሌለሁበት ውሸት እንዲነገርልኝ ከእንግዲህ አልፈቅድም፤ ሰው ቤተ ክርስቲያን እስኪሄድም ጠብቄ አልሠራም።

አሁንም ናፋቂሽ፣
ርሆቦት
ክፍል ሰባት