ከዚህ በላይ የማይቆጥረው ቆጣሪ

ለጥሩዬ፣

ከተለየሽኝ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ሙት ዓመትሽን አውጥተናል፤ ሰው ደህና መጣ። ቤቱ ያው ነው። የመኝታ ቤቱን መጋረጃ ቀየርኩት፤ ቀለሙ አንቺ የምትወጂው ዓይነት አይደለም። ስኳርሽን የምትለኪበትን ማሽን ለጎረቤታችን ለእትዬ ጽጌ ሰጠኋቸው።

ይህን የምጽፍልሽ ግን ስለ መኪናዋ ነው። በሕይወት ሳለሽ ያልነገርኩሽ ነገር አለ።

ሐኪሙ በየቀኑ በእግርሽ ሂጂ ያለሽ ጊዜ፣ ብቻዬን ይደብረኛል፣ አብረኸኝ ውጣ አልሽኝ። እኔም የመኪናዋ ማይል ቆጣሪ ሦስት መቶ ሺህ ሲሞላ የከሰዓቱን የኤርፖርት ታክሲ ሥራ እተዋለሁ፣ ያኔ አብረን ነው አልኩሽ። መኪናዋ ከዚያ የምታልፍ አልመሰለኝም ነበር። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ነጠላሽን ሰብሰብ አድርገሽ ወደ መሪው ዘንበል ትዪና ቁጥሩን ጮክ ብለሽ ታነቢ ነበር። «ደረስን እኮ!» ትዪኛለሽ።

ቆጣሪው 299,999 ላይ ደረሰ። በማግስቱ በርባንክ ከተማ ድረስ ሰው አድርሼ ተመለስኩ፤ ቁጥሩ ያው ነው። በሦስተኛው ቀን ኢንግልዉድ ያለው መካኒካችን ጋ ወሰድኳት። ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ሞዴል ከዚህ በላይ አይቆጥርም። መኪናዋ ትሄዳለች፣ ቁጥሩ እዚሁ ይቀራል። ምነው የኔም ዕድሜ እንዲህ በቆመልኝ!» አለኝ። ተመልሰው ከዜሮ የሚጀምሩ አሉ አሉ፤ እስከ ሚሊዮን የሚቆጥሩም አሉ። የኛዋ እዚያው የምትቀር ሆነች።

እቤት ስገባ ሞላ ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ገና ነው አልኩሽ። ቁጥሩን ያየ ሰው ዋሸህ አይለኝም። ጾሜንም ጸሎቴንም አላጓደልኩም፤ ይህን ግን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም ነበር። ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ ራሴን ስጠይቅ ከርሜያለሁ። ለገንዘቡ ነው እንዳልል ያን ያህል የጎደለን ነገር አልነበረም። ቤት መዋል ፈርቼ ይመስለኛል። መሪ ከጨበጥኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ መሪ ካልያዝኩ እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም።

አምስት ወር እንዲሁ ነዳሁ። አንቺ ብቻሽን ወጥተሽ ትመለሺ ነበር። ከዚያ ያ ማክሰኞ መጣ፤ ስልኩ ሲደወልልኝ ኤርፖርት ተራ ይዤ ነበር።

አንድ ነገር የገባኝ ግን አሁን ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት እሑድ እሑድ ቁጥሩን ማንበብ ትተሽ ነበር። በመስኮት ወደ ውጭ ታያለሽ። ደክሟት ነው እል ነበር። አምስት ወር ሙሉ ያው ቁጥር ፊቱ ተቀምጦ የሚታለል ሰው የለም፣ ጥሩዬ። ያልጠየቅሽኝ ደግሜ እንዳልዋሽ ብለሽ ነው።

ባለፈው ወር ሥራውን ተውኩ። ለንስሐ አባቴም ተናገርኩ። ሐሙስ ዕለት ከሰፈራችን ከፌርፋክስ በእግሬ ተነስቼ ዊልሸር ጎዳና ስደርስ ቆምኩ። ወደ ግራ ትታጠፊ ነበር ወይስ ሚራክል ማይል በሚባለው ሰፈር በኩል ወደ ቀኝ? አንድም ቀን ጠይቄሽ አላውቅም። የሚነግረኝም ሰው የለም።

ይቅር በይኝ። አንድ ቀን በግራ፣ አንድ ቀን በቀኝ እወጣለሁ። የትኛው ያንቺ እንደነበረ ስለማላውቅ በሁለቱም ስምሽን እየጠራሁ እሄዳለሁ።

ባልሽ