የጉድጓዴ ቄጠማ

ገሳይ፣ ቀዳም ስዑር፣ ሚያዝያ 5 ቀን 1977

ዛሬ ጮቤ ረገጥኩ! የክሊኒካችንና የልብስ ማጠቢያው እድፋም ውሃ ወንዝ ሳይገባ እንዲጣራ ብዬ ጉድጓድ አስቆፍሬ፣ ጠጠርና አሸዋ ሞልቼ ቄጠማ ስተክልበት፣ ቄስ አያሌው “ከእድፍ ላይ የበቀለ ምን ይረባል?” ብለው ሕዝቡን አሳደሙብኝ። ከፋሲካ በኋላ ይደፈን ተብሎም ተወስኖ ነበር።

ጠዋት እሳቸው ራሳቸው እንደ ወጉ ቄጠማ ሊያድሉኝ ደጄ መጡ። በዚህ ድርቅ እርጥብ ቄጠማ!

“አባ፣ ከየት አገኙት?” አልኳቸው።

“ወንዙ ዳር ምን ተረፈና! ከዚያው ካንተ ጉድጓድ ነው” አሉኝ፣ ዓይን ዓይኔን ሳያዩ።

ሄጄ ባይ እስከ ሥሩ አጭደውታል። ይጨዱት፣ ይበቅላል! እስቲ አሁን ማን ይደፍነዋል? አገሩ ሁሉ በራሱ ላይ አስሮት ውሏል።