ጎደሬሽን ነቀልነው

ሂሩቴ፣

ካረፍሽ ዛሬ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። የሆነውን በቅደም ተከተሉ እነግርሻለሁ፤ ሌላ አነጋገር እንደማልችልበት ታውቂያለሽ። በሚያዝያ አንቺና ጎረቤታችን ሲና በሳን ሆዜው ጓሯችን አሥራ ሁለት ጎደሬ ተከላችሁ። በሐምሌ አረፍሽ። በጥር ውርጭ ወረደ፤ በብርድ ልብሳችን ሸፈንኳቸው፤ ሦስቱ ሞቱ፣ ዘጠኙ ተረፉ። በመጋቢት እንደገና አቆጠቆጡ። በነሐሴ ትልቁ ቅጠል ሰባ አንድ ሳንቲሜትር ደረሰ፤ ለክቼዋለሁ። በዚህ በኅዳር ደግሞ ይህን ደብዳቤ የሚያስጽፍ ነገር ሆነ።

ስትተክዪው አላመንኩበትም ነበር። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩ፣ ጎደሬን በስም ብቻ የማውቅ፣ ስሙም «ጎደለ» ከሚለው ጋር ስለሚቀራረብ ምግብነቱን የምጠራጠር ሰው ነበርኩ። አንቺ የቦንጋ ልጅ ግን ያንን ሰፊ ቅጠል በሲና አጥር ላይ ባየሽ ጊዜ ዘመድ እንዳገኘ ሰው እየጮህሽ ሄድሽ። አንቺ «ጎደሬ!» ስትዪ፣ ከፓስፊኳ ደሴት ከሳሞአ የመጣችው ሲና «ታሎ!» ስትል፣ ሁለታችሁም አንዱን ተክል ይዛችሁ ስትሳሳቁ በመስኮት አየኋችሁ።

ሲና ከጓሮዋ ነቅላ የሰጠችንን መጀመሪያ የቀመስኩበትን ቀን አስታውሳለሁ። ቸኩዬ ሳይበስል ከድስቱ አወጣሁና ጉሮሮዬን አሳከከኝ። «አለርጂ ሊሆን ይችላል» ብዬ ማስታወሻ ደብተሬን ሳነሳ፣ አንቺ በሳቅ ወለሉ ላይ ቁጭ አልሽ። «አለርጂ አይደለም የኔ ጌታ፣ ጥሬ ነው!» አልሽኝ። ሲና ቅጠሉን በኮኮናት ወተት አብስላ ባመጣችልን ዕለትም «ሳታውቀው የጾም ምግብ ሠራችልን!» ብለሽ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሁሉ ደወልሽ።

ካረፍሽ በኋላ ግን ማንም እንዳይነካው ከለከልኩ። ሲና ቅጠል ብትጠይቀኝ በትሕትና እምቢ አልኳት። እጅሽ የተከለው የመጨረሻ ነገር ስለሆነ፣ ከተነቀለ ያልቃል ብዬ ፈራሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ሲና በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። «ፕሮፌሰር፣ ይህ እርሻ ነው ወይስ ሙዚየም?» አለችኝ። ብዙ ከቆየ ሥሩ ከውስጥ እንደሚበሰብስ አስረዳችኝ። በአባቷ እርሻ ላይ ጎተራ የሚባል ነገር አልነበረም አሉ። ለዕለቱ የሚበቃውን ይነቅላሉ፤ ሥሩ ወደ ድስት ይገባል፤ አናቱ ከዘንጉ ጋር ተቆርጦ፣ በሹል እንጨት በተማሰ ጉድጓድ ውስጥ በዚያው ቀን ይተከላል። «ካልበላን በምን እንተክላለን?» አለች። ልጃችን ሊዲያ፣ ኦክላንድ ከተማ ከሌክ ሜሪት ሐይቅ አጠገብ ካለው ቤቷ መጥታ አጠገቤ ቆማ ነበር። «ኢትስ ፉድ፣ ዳዲ» አለችኝ፤ ምግብ እኮ ነው ማለቷ ነው።

የመጀመሪያውን እኔ ራሴ ነቀልኩት። እግሬን አስደግፌ ብጎትተው ድንገት ለቀቀና በጀርባዬ ወደቅኩ። ሁለቱ አላነሱኝም፤ የያዝኩትን ሥር እያዩ እልል አሉ። የሊዲያ እልልታ ትንሽ ይቀረዋል፣ ግን እልልታ ነበር። ቀሪዎቹን ስምንቱንም በዚያው ቀን ነቀልናቸው።

ጾመ ነቢያት ገብቶ ስለነበር ሲና የለመደችውን የታሸገ ሥጋ ተወችልን። ሥሩን በደንብ ቀቀልን፤ ሰዓቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የምትመልስልን ሊዲያ፣ ሳህኗን ወደ ሲና ዘርግታ በጥርት ያለ አማርኛ «ጨምሪልኝ» አለቻት። ሲና ቃሉን አታውቀውም፤ ግን ጨመረችላት።

አናቶቹ ውርጩ እስኪያልፍ በባልዲ፣ ከመስኮት አጠገብ ይቆያሉ። አራቱ ሲና ዘንድ ናቸው፣ ሁለቱ ከሊዲያ ጋር ኦክላንድ ገብተዋል፣ ሦስቱ እዚህ አሉ። ይጸድቃሉ ብዬ ማረጋገጥ አልችልም፤ ሲና ግን ከአሁኑ ለሚያዝያ ቦታ እየመረጠች ነው።

አንቺን ዕድሜዬን ሙሉ አስታውስሻለሁ። ከጎደሬሽ ግን አንዱንም ለመታሰቢያ ብዬ ሳልነቅል አልተውኩም።

ባለቤትሽ