የማን ልጆች ናችሁ?

ዱዋላ፣ ከውሃው በዓል በኋላ በሦስተኛው ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። የጋሩዋ ሙቀት እንዴት አደረገሽ? የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ስፌት መኪናው ላይ ጎብጠሽ ትውያለሽ? ባልሽስ እንዴት ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበትም በሰባ አራት ዓመቱ ቢያጉረመርም መብቱ ነው። የማንጎው ዛፍ ዘንድሮም አፍርቷል። ባለፈው ደብዳቤሽ ላይ ሁለት የፊደል ግድፈት አግኝቻለሁ፤ አላነሳቸውም። ዛሬ የምታረመው እኔ ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጃለሁ። መነኩሲቶቹ ሲያስተምሩን «ከባዱን ቃል አስቀድሙ፤ ቀላሉ በራሱ ይከተላል» ይሉን ነበር። ከባዱን ላስቀድም ብል ብዕሬ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ትምህርቱን እንዳላጠና ተማሪ ከዳር ዳር እጀምራለሁ። ታገሺኝ።

ከቤቱ ጀርባ ያለውን፣ አያትሽ ለዝናብ ውሃ ያስቆፈረውን ጉድጓድ ታስታውሺዋለሽ። ክዳኑ ሲሚንቶ ነው። ደርቋል ብዬሽ ነበር። አልደረቀም። እዚያ ውስጥ ሦስት ወንድማማቾች አድገዋል።

አሁን አስራ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሦስቱም በአንድ ቀን የተወለዱ ናቸው። ስማቸውን ወደ መጨረሻው እጽፍልሻለሁ፤ እስከዚያ ታላቁ፣ መካከለኛው፣ ታናሹ ልበላቸው፣ ልዩነታቸው የደቂቃዎች ቢሆንም። በጠባያቸው እንደማንኛውም ጎረምሳ ናቸው፤ ይነታረካሉ፣ ይበላሉ፣ በልተው ሳይጨርሱ ምሳ ምንድን ነው ይላሉ። ቆዳቸው ግን ዝናብ የመታው የወንዝ ድንጋይ ይመስላል። እግራቸው እንደ መቅዘፊያ ሰፊ ነው፤ በጣቶቻቸው መካከል ቆዳ ተዘርግቷል። ሲናደዱ ጉሮሯቸው ይነፋል። ውሃ ውስጥ ግማሽ ቀን ቢቆዩ ትንፋሽ አያጥራቸውም። ከመሬት ተነሥተው ጣሪያ ላይ ያርፋሉ፤ ዘንድሮ ብቻ አራት ቆርቆሮ አጎበጡብኝ።

ንባቡንም፣ ሒሳቡንም፣ የቃል ጽሕፈቱንም እኔ አስተማርኳቸው። «ማዳም» ይሉኛል። ከቅጥሩ አትውጡ የሚለውን ደንብ ብቻ ማስተማር አቃተኝ። የጎረቤታችን የዓሣ ነጋዴዋ ቴሌቪዥን በመስኮቷ በኩል ይታያል፤ ካባ ለብሰው የሚበሩ ሰዎችን ከዚያ አይተው ከተማውን ካላዳንን ብለው ተነሡ። መካከለኛው ዕቅዱን እንዲህ ሲል አስረዳኝ፦ «ማዳም፣ ነገሩ ቀላል ነው። መጀመሪያ እናድናቸዋለን። ከዚያ ይወዱናል። ከዚያ ኳስ ያጫውቱናል።»

የሳሎኑን መጋረጃ ቀደው ካባ ሰፉ። የሁለቱን ስፌት ብታዪው እጅሽ ይበላሽ ነበር። የታናሹ ግን እንደ ክር የቀጠነ፣ እንደ ማስመሪያ የቀና ነው፤ ማንም ሳያስተምረው።

መፈክርም ነበራቸው። ሦስቱም ደረታቸውን ነፍተው «እኛ ጀግና ነኝ!» ብለው ይጮኻሉ። ሃምሳ ሃምሳ ጊዜ አስጻፍኳቸው። «እኛ ካላችሁ ነን በሉ፤ ነኝ ለብቻው የቆመ ሰው ቃል ነው» አልኳቸው። ታላቁ እጁን አውጥቶ፣ «ማዳም፣ ስንጮኽ እኮ እያንዳንዳችን ለየራሳችን ነው የምንጮኸው» አለኝ። የሞኝ መልስ አይደለም። ቢሆንም ሃምሳውን ጻፈ።

በክረምቱ ጎርፍ ጊዜ ወጡ። አንድ የሞተር ታክሲ ነጂ ከነሞተሩ ቦይ ውስጥ ገብቶ ኖሮ፣ ሦስቱ ጎትተው አወጡት። ሰውየው ከላይ አገር ነው፤ እነሱ ዘንድ ትልቁ እንቁራሪት በበርበሬ ተሠርቶ ለእንግዳ ይቀርባል። ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ ያየው የመካከለኛውን እግር ነው። «ወይ አምላኬ! ይሄ ጭን ሠርግ ያበላል!» አለ። መካከለኛው ሳምንት ሙሉ እህል አልቀምስም ብሎ አኮረፈ፤ እንደ እውነቱ ከሆነ እስከ ማግስቱ ቁርስ። በሌላ ቀን የገበያ ሴቶችን ዕቃ ከጎርፍ ሲያሻግሩ ሴቶቹ እየጮኹ የካሳቫ ጥቅላቸውን ወረወሩባቸው። ታናሹ ሁለቱን ቀልቦ በላና፣ «ማዳም፣ ሰዎቹ ደጎች ናቸው፤ አወራወራቸው ብቻ ነው የከፋው» አለኝ። ሳቅኩ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብቼ ቆየሁ።

በየክረምቱ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነበር። እዚህ ከስምሽ በፊት የምትጠየቂው እሱ ስለሆነ ታውቂዋለሽ፦ «የማን ልጆች ነን?»

«የውሃ ልጆች ናችሁ» እላቸው ነበር። «ጎርፍ አምጥቶ ደጃፌ ላይ ጣላችሁ።»

ለልጅ የሚነገር ቆንጆ መልስ መስሎኝ ነበር። አሁን ያደረገውን ስሚ።

የዛሬ ሦስት ቀን በውሃው በዓል ላይ የሠፈራችን ጠላቂ እንደ ወጉ ቅርጫቱን ይዞ የወንዙን መልእክት ሊያመጣ ወረደ። አልወጣም። የተጣለ መረብ ታች ይዞት ኖሯል። ከበሮው ዝም አለ። ሚስቱ መጮኽ ስትጀምር ሦስቱ ከተደበቁበት ከወንዙ መውረጃ መሰላል ሥር ወጡ፤ ከነመጋረጃዬ ሦስት ታንኳ ዘለው ውሃው ውስጥ ገቡ። ጠላቂውን ከነነፍሱ አወጡት። ታናሹ ቅርጫቱንም አልረሳም፤ ከነመልእክቱ በሁለት እጁ ለሽማግሌው አቀረበ።

ሽማግሌው ኢቦንጌ ነው። ትዝ ይልሻል፣ አራተኛ ክፍል ሳስተምረው ነጠላና ብዙ ቁጥር የሚያምታታው። አሁን የሠፈሩ አፍ ነው። ልጆቹን ከላይ እስከ ታች አያቸውና ጮክ ብሎ፣ «የማን ልጆች ናችሁ?» አለ።

ልጆቹ ለቃል ፈተና እንደቀረቡ ተሰልፈው ቆሙ። ከዚያ ሦስቱም ወደ እኔ አዩ። እኔ ነጭ ባርኔጣዬን አድርጌ በፊተኛው አግዳሚ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር ሴቶች መካከል ተቀምጫለሁ። ኢቦንጌ ዓይናቸውን ተከትሎ ወደ እኔ ዞረና፣ «ማዳም፣ ያውቋቸዋል እንዴ?» አለኝ።

«አላውቃቸውም» አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ሰዋስው ሳላጠፋ ዋሸሁ።

ታላቁ ለጥቂት ጊዜ አየኝ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞሮ፣ እንዳስተማርኩት አንድም ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ «የውሃ ልጆች ነን» አለ።

ልጄ፣ ይህ ቃል በዚህ ወንዝ ዳር፣ ያውም በዚያ ቀን፣ ምን እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም። እንዲህ ተብለው የሚጠሩት ሌሎች ናቸው፤ አያቶቻችን ጄንጉ የሚሏቸው፣ ከውሃው በታች የሚኖሩት። ሕዝቡ እንደ ታጨደ ሣር በአንድ ጊዜ ተንበረከከ። ከጭቃው ውስጥ አንዲት አሮጊት፣ «እነሱ ራሳቸው መጡ!» ብላ እልል አለች። የሞተር ታክሲ ነጂው በግንባሩ ተደፍቶ፣ «ጌቶቼ፣ ስለ ጭኑ የተናገርኩትን ማሩኝ» ሲል ሰማሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በታንኳ ቤቱ ውስጥ በክብር ተቀምጠዋል። የተቀቀለ እንቁላል፣ መስታወት፣ የዘንባባ ጠጅ ይመጣላቸዋል። ከሚሰግድላቸው አንዱ «ልጅ ስጡኝ» ይላል፣ ሌላው የቅዳሜውን የኳስ ውጤት ንገሩኝ ይላል። ትናንት የሠፈሩን ልጆች ኳስ እንጫወት ብለው ለመኗቸው። ተጫወቱ፤ የሚነካቸው ግን የለም። ታናሹ ጎል ሲያገባ በረኛው ተንበርክኮ አመሰገነው። ታናሹ ኳሱን ትቶ ሜዳው መካከል ቁጭ አለ። ምን ሆንክ ብለው ቢጠይቁት፣ «አንድ ሰው እንኳ አጭበርብረሃል ቢለኝ ምን ነበረበት!» አለ አሉ።

ይህ ብቻ ቢሆን አልጽፍልሽም ነበር። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው የውሃ ልጅ የብስ ላይ ከቆየ ወንዙ ይቆጣል ብለው ወስነዋል። የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት፣ በጌጠኛው ታንኳ፣ በዘፈንና በከበሮ፣ ወንዙ ከባሕሩ ወደሚገናኝበት ደሴት ወስደው ሊተዋቸው ነው። እዚያ ሰው አይኖርም፤ አይደረስምም። በክብር ይጣላሉ።

ትናንት ወደ ኢቦንጌ ሄጄ የሰው ልጆች ናቸው አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። «ማዳም፣» አለኝ፣ «በሕዝብ ፊት አላውቃቸውም ብለዋል። በቀለም የተጻፈ በምራቅ አይጠፋም ብለው ጆሮዬን የቆነጠጡኝ እርስዎ አይደሉም?» ከዚያ አዘነልኝ መሰለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለ፦ «ወጉን ያውቁታል። ከሰው የተወለዱ ከሆነ የወለደቻቸው ትምጣ። ዳር ቆማ እያንዳንዱን በስሙ ሦስት ጊዜ ትጥራ። እናት የጠራችውን ውሃ አይወስደውም። ከርሷ በቀር ግን የማንም ጥሪ አይሠራም፤ የእርስዎም ቢሆን።»

ከዚያ ወደ ልጆቹ ሄድኩ። አንሄድም በሉ አልኳቸው። ታላቁ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ማዳም፣ እዚህ ያለው ሰው በሙሉ ወይ ይሸሸናል፣ ወይ ይሰግድልናል፣ ወይ አላውቃቸውም ይላል» አለኝ። «ደሴቱ ምንም አይልም።»

አሁን ዳር ዳሩ አለቀ፤ ወደ መሐል ልግባ።

ሁለት ጊዜ እዚህ መጥተሽ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ከመቃብሩ ስትመለሺ ጓሮ ወጥተሽ በጉድጓዱ ክዳን ላይ ተቀምጠሽ አለቀስሽ። በሁለተኛው ጊዜ፣ አውቶቡስሽ ከሄደ በኋላ ክዳኑን ስከፍት ታናሹ፣ «ማዳም፣ ጣሪያችን ላይ የምታለቅሰው ማን ናት?» አለኝ። ዝናብ ነው አልኩት። «ዝናብ እንዲህ አይልም» አለኝ። የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ባለፈው ዓመት ደግሞ ሳሎን ገብቶ የተሰቀለውን ፎቶግራፍሽን ሲያይ ቆየና፣ «ስትስቅ አፍንጫዋ እንደኔ ይሸበሸባል» አለ። ሂድና የቃል ጽሕፈትህን ጨርስ አልኩት።

ሐኪም ቤት ሁለት ቀን ራስሽን ሳታውቂ ተኝተሽ ነበር። አዋላጇ ሦስቱን በፎጣ ጠቅልላ አሳየችኝ። የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበርኩ፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነበርኩ፤ ሰው ምን ይላል የሚለውን ከሁሉ በፊት የማስብ ሴት ነበርኩ። በሦስተኛው ቀን ስትነቂ ሞተው ተወለዱ ብዬ ነገርኩሽ። ለአንቺ አዝኜ ነው እያልኩ ለራሴ አስራ ስድስት ዓመት ስደግመው ኖሬያለሁ። ተማሪ እንዲህ ያለ መልስ ቢያመጣልኝ ዜሮ እሰጠው ነበር።

ዘንድሮ በመቃብሩ ላይ ያሉትን ሦስት ትንንሽ ድንጋዮች ኖራ አልቀባኋቸውም። በላያቸው የተጻፉትን ስሞች፣ እጅሽን ሆድሽ ላይ ጭነሽ የመረጥሻቸውን፣ አልረሳሽም። ኤላሜ፣ ቶኮ፣ ኤዩም። ልጆቹም በነዚሁ ስሞች ነው አቤት የሚሉት።

ይህን ደብዳቤ ለአውቶቡሱ ሹፌር በእጁ እሰጠዋለሁ። ካንቺ እስከዚህ ሦስት ቀን ነው። እኔን ይቅር በይኝ ብዬ አልጽፍም፤ እሱ ሌላ ፈተና ነው፣ ጊዜ ይወስዳል። ሹፌሩ ሲሄድ ወደ ታንኳ ቤቱ እሄዳለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ማዳም አትበሉኝ እላቸዋለሁ፤ ምን በሉኝ እንደምል ገና አፌ አልለመደውም። ቅዳሜውም በዚያው በፊተኛው አግዳሚ ላይ፣ በዚያው ባርኔጣ ተነሥቼ፣ የተናገርኩትን በተናገርኩበት ድምፅ አርማለሁ። የኔ እርማት ግን ታንኳውን አያቆመውም። የምታቆሚው አንቺ ነሽ።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ውሃው ይሻገርልሽ፤ ድምፅሽን አይንሳሽ። የኔን ኃጢአት በኔው ይቁረጠው፣ ወደ ልጆች አያሻግረው። ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ እንዲሸኝሽም ንገሪው።

ስትመጪ እንደ ሌላው ጊዜ አበባ አታምጪ። ጫማ አምጪ፣ ሦስት ጥንድ፣ በገበያው ካለው ሁሉ ሰፊውን። እሱም አይበቃቸውም፤ ጎኑን ታሰፊዋለሽ።

እናትሽ ነኝ።
አያታቸው ነኝ።