በአባባ ስም የተነዳው ብስክሌት

ለውድ ወንድሜ ለአምሐ ወልደጊዮርጊስ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህ እንዴት ነው? የላይፕዚግ ብርድስ ለቀቀህ? ሥራው፣ ማደሪያው፣ ጓደኞችህስ ደኅና ናቸው? ካንተ ናፍቆት በቀር እኛ ደኅና ነን እንዳልልህ ዛሬ የምጽፍልህ ነገር አይፈቅድልኝም። አባባ በሕይወት አሉ፤ አጠገቤ ቁጭ ብለው ስጽፍ እያዩኝ ነው። ስለዚህ አትደንግጥ፣ እስከ መጨረሻው አንብበው።

በመጋቢት የላክሁልህን የምርመራ ወረቀት እዚያ ላከማቸው ሐኪም አሳይተኸው፣ «አባትህ ደኅና ናቸው፣ ተመልሰው መምጣት አያስፈልጋቸውም» ማለቱን ጽፈህልኛል።  ያ ወረቀት የአባባ አይደለም። የአጎታችን የጋሼ ገብረወልድ ልብ ነው።

ከሥሩ ላስረዳህ። እዚያ ውስጡ በተነፋ ትንሽ ፊኛ የተከፈተው የልባቸው ሥር በስድስት ወር ውስጥ ተመልሶ ሊጠብ ይችላልና፣ ከቦታው የማይነቃነቅ ብስክሌት ላይ ወጥተው፣ ደረታቸው ላይ ሽቦ ተለጥፎ፣ እየነዱ ልባቸው ይታይ ተብለን ነበር። ወረቀት ላይ የሚሠመረው የልባቸው መስመር ዝቅ ካለ ወይም ደረታቸውን ካፈናቸው፣ ሥሩ እየጠበበ ለመሆኑ ምልክት ነው፤ በሽታው ሳይቀድም ይደረስላቸዋል። በቀጠሮው ቀን እኔን ፋብሪካው አልለቀቀኝም። አጎታችን «እኔ እወስደዋለሁ» አለ። አንቱታውን ስለተውኩት ይቅር በለኝ፤ እሱን አንቱ ማለት አንገሽግሾኛል።

ወሰዳቸው። የአባባ ስም ሲጠራ ግን ተነሥቶ የገባው እሱ ነው።

ይህን ያወቅሁት ለሚያዝያ መድኃኔዓለም ወደ ቀራንዮ በእግር ስንሄድ ነው። አባባ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ቆሙ። አንዴ ጫማዬ ፈታ አለ፣ አንዴ የማውቀው ሰው መሰለኝ አሉ። በሦስተኛው ምክንያት አጡና በጋቢያቸው ውስጥ ደረታቸውን ይዘው የሰው አጥር ተደገፉ። ቤት ገብተን፣ ወረቀቱ ንጹሕ ነው ብሎ ይህ ከየት መጣ ብዬ ብጮህ፣ ምሳ ሊበላ የመጣው አጎታችን ሥጋውን እያላመጠ ሳቀ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሳይደክመው እንደነዳ፣ ነርሷም በዚህ ዕድሜዎ ጎበዝ ነዎት እንዳለችው እየተኩራራ ነገረን። አፌን ከፍቼ ባየው ጊዜ፣ «ምን ነውር አለው? የቀበሌ ስብሰባውን ማን ተቀመጠለት? የጥበቃ ተራውንስ ማን ወጣለት? ጾም ያደከመውን ወንድሜን ብስክሌት ላይ ልስቀለው?» አለኝ።

እውነቱን ነው። አባባ ከታመሙ ጀምሮ በየስብሰባው አቤት የሚልላቸው እሱ ነው፣ እኛም አመስግነነዋል። ቀበሌው ከአንድ ቤት አንድ ራስ ከቆጠረ የማን ራስ እንደሆነ ግድ የለውም። ለልብ ግን ተተኪ ይላካል? ቅባቱን ከጣቱ እየላሰ ሲያወራ ከገበታው ተነሣሁ። ራሴንም ተጸየፍኩ፤ ያን ወረቀት በደስታ ስሜው ነው ፖስታው ውስጥ የከተትኩት።

ከሁሉ የባሰው ግን አባባ ማወቃቸው ነው። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው መሬት መሬቱን እያዩ፣ «ልጄ አምሐ እዚያ ለኔ የሆስፒታል አልጋ ሲለምን፣ የሰው ደጅ ሲጠና ከረመ። ዳግመኛ እንዳይዋረድብኝ ብዬ ነው» አሉኝ። ሌላ ሰው ቢሰማው ያለቅስ ይሆናል። እኔን ቀፈፈኝ። ውሸቱን ፍቅር ብለን ጠቅልለን ባሕር ማዶ ልከንልሃል፣ አንተም አምነህ ተደስተሃል።

ግንቦት 4 ቀን ፈቃድ ወስጄ ራሴ ይዣቸው ሄድኩ። እዚህ ላለው ሐኪም ያደረግነውን ስነግረው አልተቆጣኝም። መነጽሩን አውልቆ አባባን አያቸውና፣ «ታዲያ በሽታውንስ ማን ሊታመምልዎት ነው?» አላቸው። አባባ ጋቢያቸውን አወለቁ። ብስክሌቱ ላይ ወጡ። በአራተኛው ደቂቃ ደረታቸው ታፈነ፣ መስመሩም ዝቅ አለ፣ ሐኪሙም አስቆማቸው። ይህ ምርመራ የሚስትበት ጊዜ ቢኖርም ከሕመማቸው ጋር ሲታይ ሥሩ ተመልሶ እንደጠበበ ይጠረጥራል፤ ሳይውል ሳያድር እዚያ ያከሟቸው ዘንድ ይታዩ ብሎ ጽፎልናል።

እውነተኛው ወረቀት እዚሁ ፖስታ ውስጥ አለ። የፊተኛውን እዚያ ካለው ሐኪም ተቀበልና ቅደደው። እንዴት እንደሆነም ሳትደብቅ ንገረው፤ ማፈርህ አይቀርም፣ እኛም አፍረናል። አልጋውን እንደገና ለምንልን። ሞተው ከምንኮራባቸው በሕይወት እያሉ ብናፍር ይሻለናል።

እማዬ ከዚያን ቀን ወዲህ እህል በአፏ አይዞርም፤ ግንባርህን ትስምሃለች። ታናሻችን እሙ ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች፤ ፎቶግራፍህን ላክልኝ ትላለች። ጎረቤታችን እትዬ ካሳነሽ እግዜር ይጠብቅህ ብላሃለች። ያ ሰውም ሰላም በይልኝ ብሎኛል። አልልም። በሰው ስም መግባት እዚህ ቤት አብቅቷል፤ ሰላምታውን ከፈለገ ራሱ ይጻፍ። ለአባባ ግን እስክሪብቶውን ሰጥቻቸዋለሁ።

እኅትህ ሙሉወርቅ

ልጄ አምሐ፣ አራቱ ደቂቃ የእኔ ናቸው። አባትህ ወልደጊዮርጊስ።

ኮልፌ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 9 ቀን 1980 ዓ.ም.