እምቢ የማይባልበት ቅጠል

ልጄ ማንካ፣

የኪሊማንጃሮን በረዶ የፈጠረ አምላክ የእንግሊዝን ብርድ ያቅልልልሽ። ሹራቡን ትለብሺዋለሽ አይደል? እኛ ደህና ነን፤ ላሚቱም ወልዳለች።

ደስ የሚል ወሬ አለኝ! ነፃ ከወጣን ወዲህ መንደሩ በሙሉ ጭቃ እየተሸከመ የሠራው ትምህርት ቤት ተከደነ። የቀረው መንግሥት ቃል የገባልን አስተማሪ ብቻ ነው። ማክሰኞ የመንግሥት ሹም በብስክሌት ሲመጣ፣ ሽማግሌው ንዴሳንጆ የማሳሌ ቅጠል ቋጥረው ሰጡት። ሹሙ የእኛ አካባቢ ሰው አይደለምና፣ “ስለ ጌጡ አመሰግናለሁ” ብሎ ደረት ኪሱ ላይ ሰካው! በሳቅ ሞትን።

“ልጄ፣ ጌጥ አይደለም። ይህን የተቀበለ ሰው የተለመነውን እምቢ አይልም። አስተማሪ ስጠን” አሉት።

“ከየት ላምጣ፣ አባቴ? አስተማሪዎቻችን ገና ውጭ አገር እየተማሩ ነው።”

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። “አንቺ የማንካ እናት! ልጅሽ እንግሊዝ አገር አስተማሪነት እየተማረች አይደል? ለካ መንግሥትን የወለድሽው አንቺ ነሽ! ታዲያ ምን ታስጠብቂናለሽ?”

እንዴት ኮራሁ መሰለሽ! ቤት ስገባ ግን ባዶ አልጋሽን አይቼ ሆዴ ባባ።

ትምህርትሽን አቋርጠሽ ነይ አልልሽም። ስትጨርሺ ግን እዚያ አትቅሪብኝ። እግዚአብሔር በሰላም ደጄ ላይ ያቁምሽ። ፖስታው ውስጥ የቋጠርኩልሽን ቅጠል፣ አደራ፣ ጌጥ ነው ብለሽ እንዳትሰኪው።

ናፋቂ እናትሽ